ደም ሲመረምሩና ሲጠብቁ የኖሩት የእትዬ ጥርጥሬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ጥርጥሬ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በመጋቢት ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላለፉ፣ አባታቸው በየጠዋቱ ጆሯቸውን ልጃቸው ደረት ላይ አስጠግተው ልባቸውን ያዳምጡ ነበር። የሚመታ ነገር ማዳመጥ ሥራቸው ነውና፣ «ይቺ እንኳ ትሄዳለች፣ አትቆምም» ብለው ለጎረቤት እንዳበሠሩ ይነገራል።

ጥርጥሬ እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ሥራ ቤት ነው ያወጣላቸው። ይሁን እንጂ ዛሬ በሌላ ስም ቢጠሩ እዚህ ከተሰበሰበው ለቀስተኛ ግማሹ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ሴት ልጃቸው በዚሁ ስም መጥራቱን መርጣለች።

ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሆስፒታሉ ጓሮ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በቀጥታ እናታቸው ዘንድ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይሄዱ ነበር። ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ፣ እንፋሎት ያለበሰው መስኮት፣ ከማዋለጃ ክፍል በጋሪ ተጭኖ የሚመጣ አንሶላ። እናታቸው ደም የነካውን ለብቻ ለይተው በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዝፉታል። «ሙቅ ካስነካሽው ይዞ ይቀራል፤ ዕድሜ ልክሽን ብታሺው አይለቅሽም» እያሉ ያስተምሯቸው ነበር። ልጅቱ ግን ስለ አጠባው ሳይሆን ስለ ሰው ነበር የሚጠይቁት። «ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰው ነው የወጣው? ሴትየዋ ተረፈች?» ይላሉ። እናትየውም «እኔን አንሶላው እንጂ ሴትየዋ አትደርሰኝም» ብለው ይመልሱላቸው ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. የላቦራቶሪ ሙያ ማሠልጠኛ ገቡ። በ1968 ዓ.ም. ተመርቀው እናታቸው በሚያጥቡበት በዚያው ሆስፒታል የደም ባንክ ተመደቡ። ያኔ የደም ባንክ ማለት ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማቀዝቀዣ የተጨናነቁበት ክፍል ነበር። እትዬ ጥርጥሬ የተሰጣቸው ሥራ ለጋሾችን መለየት ነው። ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው ፊታቸው ይቀመጣል። ክብደቱንና ግፊቱን ይለካሉ፤ ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ወስደው ደሙ በቂ መሆኑን ያያሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። በቅርቡ አሞህ ነበር? ወባስ? ጥርስ ተነቅለሃል? መርፌ የወጋህ ማን ነው፣ የት? ሰውየው ሲመልስ ዓይን ዓይኑን ያያሉ። ለአዳዲስ ሠራተኞችም «ሰው ለክፋት ብቻ አይዋሽም፤ ደግ ለመሆን ሲቸኩልም ይዋሻል» ይሉ ነበር።

ስማቸውን ያገኙት እዚያው ወንበር ላይ ነው። አንድ ትልቅ ሹም ደም ሰጥተው ለሕዝብ አርአያ ሊሆኑ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። እጅጌያቸው ተጠቅልሎ፣ ካሜራው ተደቅኖ ሳለ እትዬ ጥርጥሬ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ ጠይቀውም «ጌታዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አሉ። ሹሙ ተቆጡ። «እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?» ቢሏቸው «ሥራዬ ነው ጌታዬ፤ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው» ብለው እጅጌውን ራሳቸው መልሰው አወረዱላቸው። ፎቶ አንሺው እንዳመጣጡ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርጥሬ ተባሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «የራሷን ጥላ እንኳ ሳትመረምር አታሳልፍም» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይሥቁ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት በ1971 ዓ.ም. ነው። የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናቸው፤ ሆስፒታሉ የቀጠራቸው የደም ባንኩንና የመድኃኒት ክፍሉን ማቀዝቀዣዎች እንዲከታተሉ ነበር። አንድ ቀን ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እስቲ እኔም ልስጥ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጥርጥሬ ለክተው፣ ጠይቀው፣ የጠየቁትን ደግመው ጠይቀው ሰውየውን ወባ አሟቸው እንደነበር አወጣጡ። «ጊዜው ሲያልፍ ተመለስ» ብለው ሸኟቸው። ባለቤታቸው ይህን ሲያወሩ፣ «ሴት ልጅ በልብ ጉዳይ ስትመልሰኝ ለምጄዋለሁ፤ በደም ስትመልሰኝ ግን እልህ ያዘኝ» ይላሉ። ተመልሰው መጡ፤ ደጋግመውም መጡ። በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1979 ዓ.ም. እትዬ ጥርጥሬ ለተጨማሪ ሥልጠና ተልከው አንዱን ከረጢት ደም በማሽን አሽከርክሮ ለሦስት የመክፈልን ሥራ ተምረው ተመለሱ፤ የክፍሉም ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ምሳ ላይ የሚወራው ይኸው ነበር። ቀዩ የደም ሴል ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ግን በረዶ አይወድም። የደሙ ፈሳሽ፣ ፕላዝማው፣ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ አይቀመጥም። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ደግሞ ቅዝቃዜ ያበላሸዋል፤ በክፍል ሙቀት፣ በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ተደርጎ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። «ይሄኛው እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ካልተወዛወዘ አይሆንለትም» ይሉ ነበር። በቤታቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ወተት ሁሉ የተገዛበት ቀን ተጽፎበታል። እንግዳ ሻዩ ውስጥ ወተት ሲጨምር እትዬ ጥርጥሬ ብልቃጡን አገላብጠው ሲያዩ፣ እንግዳው ሻዩን ያስቀምጥ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የሆነው ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ቤተሰቡ ተከራክሯል። ለቀብር አይሆንም ያለም ነበር። የገባው እሳቸው በሕይወት ሳሉ «ስሞት ያን ቀን እንዳትዘሉት» ብለው ስለተናገሩ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ቅዳሜና እሑድ መብራት ሄዶ መጥቷል። መብራቱ ሲመለስ የደም ማቀዝቀዣው ሞተር አልተነሳም። እትዬ ጥርጥሬ በሩን ሲከፍቱት ሁልጊዜ ፊታቸውን የሚመታው ቅዝቃዜ የለም። ከረጢቶቹን በእጃቸው ነኩ። ለብ ብለዋል። የሙቀት መለኪያው ከሚፈቀደው እጅግ አልፎ ሄዷል፤ መቼ ማለፍ እንደጀመረ ግን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲህ የሞቀ ደም ውስጥ ተህዋስ ሊራባ ይችላል፤ የተራባበትና ያልተራባበት ከረጢት ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓይን አይለይም። የተበከለው ሰው ሥር ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። የማስጠንቀቂያው ደወል ይህ ከመሆኑ በፊት መጮህ ነበረበት። ቀና ብለው ሲያዩ የደወሉ ገመድ ተነቅሎ፣ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። የፕላስተሩ ጫፍ ለመፍታት እንዲመች ታጥፏል። እንዲህ አድርጎ የሚያጥፈውን ሰው ያውቁታል።

እያንዳንዱ ከረጢት ላይ «አይሰጥም» የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፉ። ለጥፈው ሳይጨርሱ ከማዋለጃ ክፍል ስልክ ተደወለ። አንዲት መምህርት የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልደው ደማቸው አልቆም ብሏል። የደም ዓይነታቸው ከስንት አንድ ሰው የሚገኝ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ከሌላ ከተማ የደም ባንክ ተጠይቆ መኪናው ቢነሳም መንገዱ ሩቅ ነበር።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ራሳቸው ወረዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፎቅ ላይ እየሞተች ያለች ሴት ነበረችባቸው። አንዱን ከረጢት አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ቀለሙ ምንም አልሆነም። ምኑን አይተው ነው የከለከሉት?»

«ምንም አላየሁም» አሉ እትዬ ጥርጥሬ። «የቸገረኝም እሱ ነው።»

«ደህና ሊሆን ይችላል ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ይስጡኝ! ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«እርስዎ ይውሰዱት፤ ደሙን የምትወስደው ግን እሷ ናት። አልሰጥም ጌታዬ። የሚለግስ ሰው አምጡልኝ፤ ባለኝ ፍጥነት እሠራለሁ።»

ዳይሬክተሩ ከረጢቱን መልሰው አስቀመጡት። ለምን ቀምተው እንዳልወሰዱት በኋላ ሲጠየቁ፣ «ስትመልስልኝ ቀይ ወረቀት መለጠፏን አላቋረጠችም። እኔ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም» ብለዋል።

የመምህርቷ ባልደረቦች፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ መንገድ አላፊው ሳይቀር ኮሪደሩን ሞላው። እትዬ ጥርጥሬና ረዳቶቻቸው ዓይነት ይለያሉ፣ ይቀዳሉ፣ ጎን ለጎንም ይመረምራሉ። ዓይነቱ የገጠመው የመጀመሪያው ሰው ደም ተቀድቶ ከረጢቱ ሞላ። የመምህርቷ እናት በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ያኔ የምርመራው ውጤት ወጣ፤ የሰውየው ደም ለሌላ ሰው የሚሰጥ አልነበረም። እትዬ ጥርጥሬ ከረጢቱን አንሥተው በሁሉም ሰው ፊት ወደሚወገደው ቆሻሻ ጨመሩት። ኮሪደሩ ጮኸ። «ደሙን ጣለችው! ሙሉውን ደም ጣለችው!» ምክንያቱን ቢናገሩ ጩኸቱ ይበርድ ነበር። ሰውየው ግን እዚያው መሐላቸው፣ ክንዱን በጥጥ ይዞ ቆሟል። አልተናገሩም። በሌላ ቀን ለብቻው ጠርተው ነገሩት፤ ሕክምናም አስጀመሩት። ማን እንደነበር ቤተሰባቸው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሁለተኛው ሰው ተገኘ፤ ደሙም አለፈ። ረዳታቸው ከረጢቱን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ስትወጣ መምህርቷ አረፉ። ሕፃኑ በሕይወት ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እትዬ ጥርጥሬ የሞቀው ደም ለተህዋስ ይመርመርልኝ ብለው ቢጠይቁም ከረጢቶቹ በዚያው ሳምንት በሆስፒታሉ ማቃጠያ ነድደው አልቀዋል። ስለዚህ ተበክሎ ይሁን ጤነኛ፣ መልሱ እስከ ወዲያኛው አብሮ ነደደ። ቀጥሎ የደወሉ ነገር ተነሣ። አዳራሹ ውስጥ ባለቤታቸውም ተቀምጠዋል። «ገመዱን የነቀለው ማን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። እትዬ ጥርጥሬ ባላቸውን አዩዋቸው፤ ባላቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ባለቤቴ ነው» አሉ እትዬ ጥርጥሬ። «ደወሉ ያለምክንያት እየጮኸ አስቸግሮ ነበር። ‹አስተካክዬዋለሁ› ሲለኝ አመንኩት። ሄዶ ማየት የኔ ሥራ ነበር፤ አላየሁም።»

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ የኖሩ ሰው ባላቸውን ብቻ አልጠረጠሩም ነበር። ጠጋኙ መለዋወጫ እስኪመጣ ብለው ደወሉን አቋርጠው፣ መለዋወጫው ሲዘገይ ነገሩ ከሐሳባቸው ወጥቶ ነው። ከሥራ ተሰናበቱ። እትዬ ጥርጥሬም ከኃላፊነት ተነሥተው ወደ ለጋሾች ወንበር ተመለሱ።

የዚያን ቀን ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው «እኔው ልናገር ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?»

እትዬ ጥርጥሬ መጠበቅ እንደነበረባቸው ወይም እንዳልነበረባቸው በኋላም ሲጠየቁ፣ አንዳንዴ እንዲህ አንዳንዴ እንዲያ ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቤቱ ክፉ ነበር። ባለቤታቸው ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ይዘው የሰው ቤት ማቀዝቀዣ መጠገን ጀመሩ። ባልና ሚስት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩት በልጆቻቸው በኩል ነው። «ለአባታችሁ ጨው አቀብሉት» ይባላል፤ ጨው አባትየው ፊት ተቀምጦ ሳለ። «ለእናታችሁ ደርሶኛል በሏት» ይመለሳል። ልጆቹ መጀመሪያ ይሥቁ ነበር፤ ቆይተው ተዉት። መንገድ ላይ ሰው ይጠቋቆምባቸዋል። የትምህርት ቤት ጓደኞች ልጃቸውን «እናትሽ ደም ደፊዋ ናት አይደል?» ይሏት ነበር። እትዬ ጥርጥሬ ግን አንድም ቀን ከሥራ አልቀሩም፤ የሰደባቸውንም ሰው ለመለገስ ሲመጣ እንደማንም ጠይቀው፣ ለክተው አሳልፈዋል።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቅዳሜ የመምህርቷ እናት የቤታቸውን በር አንኳኩ። ሕፃኑን አዝለዋል። እትዬ ጥርጥሬ በሩን እንደያዙ ቀሩ።

«ልሰድብሽ አይደለም የመጣሁት» አሉ እናትየው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያን ደም ብትሰጪያት ኖሮ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሌሎች መልሰውላቸዋል። ዳይሬክተሩ አትተርፍም ነበር ብለዋቸዋል፤ ጎረቤት በእርግጥ ትተርፍ ነበር ብሏቸዋል። እትዬ ጥርጥሬም «አትተርፍም ነበር» ቢሉ ለሁለቱም ይቀላቸው ነበር።

«አላውቅም እማማ» አሉ። «በየቀኑ አስበዋለሁ፤ አላውቅም።»

እናትየው ሕፃኑን ጀርባቸው ላይ ከፍ አድርገው አስተካከሉ። ከዚያ «እኔም አላውቅም። የሚያውቅልኝ ሰው በዛና ታከተኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የእትዬ ጥርጥሬ ባለቤት ጓሮ ሆነው ሰምተዋል። እጃቸው ግራሶ እንደነካ መጥተው ፊታቸው ቆሙ።

«እናቴ፣ ደወሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ተቀመጥ፤ ልጁን ያዝልኝ፣ ጀርባዬ አለቀ» አሏቸው።

ጠጋኙ እጃቸውን ታጥበው ሕፃኑን ተቀበሉ። አቅፈውት አለቀሱ፤ ሕፃኑም አብሮ አለቀሰ። እትዬ ጥርጥሬ በዚያ ቤት ከአንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባላቸው በቀጥታ የተናገሩት ቃል፣ «አንገቱን ደግፍ እንጂ» የሚል ነበር። ልጁ አንገቱን ከቻለ ቆይቷል፤ ግን ማንም አላረማቸውም። እናትየው ከዚያ ወዲህ መምጣታቸውን አልተዉም።

እትዬ ጥርጥሬ በ1991 ዓ.ም. ወደ ኃላፊነታቸው ተመለሱ። መጀመሪያ ያደረጉት አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱ ዘበኛው ቤት የሚጮህ ሁለት ደወል ማስተከል ነው። በየሳምንቱም ራሳቸው እያስጮኹ ይፈትኑት ስለነበር ዘበኞቹ ያማርሯቸው ነበር። ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነው በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የመምህርቷ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ደም ልስጥ ብሎ መጣ። ፊታቸው አስቀምጠው ለኩት፤ ደሙ አነስ ብሏል። «ደህና ብላና ተመለስ» ብለው ሰደዱት። አያቱ ሲሰሙ፣ «የኔን የልጅ ልጅ እንኳ አታሳልፊም?» ብለው በቤቱ ሁሉ ፊት ሣቁባቸው። ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ሰጥቷል።

ከጡረታም በኋላ ግን ያ ሰኞ አልለቀቃቸውም። ወሬ መሐል በድንገት እጃቸውን ያያሉ። ልጃቸው አንድ ቀን «እንደገና ቢሆን ትሰጫት ነበር?» ብትላቸው፣ «አልሰጥም» አሉ፤ «ግን በሰላም ተኝቼበት አላውቅም፤ ትክክል የሠራ ሰው ይተኛል ያለሽ ካለ አትመኚው» አሏት።

በ2015 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ውስጥ ውስጡን ስለሚደሙ በየጊዜው ደም ይሰጣቸው ነበር። ነርሷ ከረጢቱን ልትሰቅል ስትመጣ «ከማቀዝቀዣ ከወጣ ምን ያህል ቆየ?» ይሏታል። «ብዙም አልቆየም እትዬ» ስትል «ብዙም ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ያፋጥጧታል። ነርሷ ከዚያ ወዲያ ክፍላቸው ስትገባ መልሱን አስቀድማ ነበር የምትናገረው።

በመጨረሻው ሳምንት መድማቱ አልቆም አለ። ሐኪሙ ሌላ ደም ሊያዝዙ ሲሉ እትዬ ጥርጥሬ «ያቆመዋል?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «አያቆመውም፤ ጥቂት ቀን ይጨምራል» አሉ። «መደርደሪያው ላይ ምን ያህል አለ?» ብለው ደግሞ ጠየቁ። ጥቂት ነበር። «እንግዲያው ለኔ ይብቃ» አሉ።

ልጆቻቸው ለመኗቸው። ባለቤታቸው ተቆጡ፤ «ሌላውን እኔ እሰጣለሁ፤ ሠፈሩን ሁሉ አሰልፌ አስለግሳለሁ፤ አንቺ ማነሽና ነው የምትከለክይኝ?» ብለው ጮኹ። እትዬ ጥርጥሬ እጃቸውን ይዘው «ዕድሜህ አያሳልፍህም፤ ቁጭ በል» አሏቸው። ባለቤታቸውም ሳቃቸውንና ልቅሷቸውን መለየት አቅቷቸው ቁጭ አሉ። ውሳኔው ልክ ይሁን አይሁን ቤተሰቡ ዛሬም አንድ አልሆነም። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው እንደተቀመጡ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

እትዬ ጥርጥሬ ከባለቤታቸው፣ ከሴትና ከወንድ ልጃቸው፣ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት ከመምህርቷ እናትና ከልጅ ልጃቸው ተለይተዋል። ቤተሰቡ ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ላጽናናውም ሰው ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። አበባ ይዛችሁ ልትመጡ ላሰባችሁ፣ በእሱ ፈንታ ደም እንድትሰጡ እትዬ ጥርጥሬ ራሳቸው አደራ ብለዋል፤ የደም ባንኩ ሰዎች ጠይቀው ቢመልሷችሁም አትቀየሙ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እዚህ ያጡትንም እንቅልፍ በእርሱ ዘንድ ይስጣቸው።